ሚዛን ላይ ያልጠየቀችው ልጅ

አዴ ጋዲሴ ማረፋቸውን የሰማሁት ልብስ ሳሰጣ ነው። ጎረቤቴ ወርቄ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

«እኚያ የጤና ጣቢያዋ አዴ ጋዲሴ…» አለችኝ።

«ምን ሆኑ?»

«አረፉ። ዛሬ ጠዋት፣ ሥራ ላይ።»

ማመን አቃተኝ። እሑድ ዕለት በቤተ ክርስቲያን በር ላይ አይቻቸው ነበር። እንደ ሁልጊዜው ከሩቅ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉኝ። በፊታቸው ላይ የሕመም ምልክት አልነበረም።

የክትባት ቀን ነበር አሉ። እናቶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቃሉ። አዴ ጋዲሴ የአንዱን ልጅ ኪሎ ጽፈው ካርዱን መለሱና የሚቀጥለውን ጠሩ። እናትየዋ ልጇን ይዛ ስትቀርብ ጎንበስ አሉ። እስክሪብቶ የወደቀባቸው መስሏት ቆማ ጠበቀች። ቀና አላሉም።

እርጥቡን ልብስ እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እኚህን ሴት ማመስገን ነበረብኝ። አላመሰገንኳቸውም። ይልቁንም ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀይሜአቸው ኖሬአለሁ። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው።

አዴ በኦሮምኛ እትዬ እንደ ማለት ነው። አዴ ጋዲሴ ነርስ አልነበሩም። የተቀጠሩት በጽዳት ነው። አንድ የክትባት ቀን ሰው አንሶ ሕፃናቱን እንዲመዝኑ ተደረገ፤ ከዚያ ወዲያ ሚዛኑን ከእጃቸው የወሰደ የለም። ሚዛኑ ከጣሪያው ማገር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ልጁ እንደ ሱሪ እግሩን የሚያስገባበት ጨርቅ አለው። ልጆች አይወዱትም። እግራቸው መሬት ሲለቅ ይደነግጣሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ልጁን ቶሎ ከትቶ፣ ቶሎ አንብቦ ያወጣል። አዴ ጋዲሴ ይዘገያሉ። መጀመሪያ መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጎን አሽተው ያሞቃሉ። ከዚያ ልጁን በብብቱ ይዘው ከጨርቁ በላይ ያቆዩታል፤ አይከቱትም። ይጠብቃሉ። ልጁ ጨርቁን ያያል። እሳቸውን ያያል። ከዚያ ዞር ብሎ እናቱን ያያል። እናት ፈገግ ስትልለት እግሩን ያላላል። ያኔ ይከቱታል።

«ጠየቀ» ይላሉ ለራሳቸው፣ ቀስ ብለው።

ሰልፉ ሲረዝም እናቶች ያጉረመርማሉ። «አዴ፣ ኪሎውን ብቻ ይንገሩን፤ ወጥ ጥጄ ነው የመጣሁት» ትላለች አንዷ።

«ኪሎ ብቻ የምትፈልጊ ከሆነ ገበያ ሂጂ፤ ሽንኩርት ይመዝኑልሻል። እኔ የምመዝነው ሰው ነው።»

ክትባቱን የምትሰጠው ነርስ ሲስተር ሌሊሴ ከወዲያ ሆና «አዴ ጋዲሴ፣ መድኃኒቱ ሊሞቅብኝ ነው!» ብላ ትጮኻለች።

«እንግዲያው አንቺም እንደ መድኃኒቱ ቀዝቀዝ በይ!»

ሁሉም ይስቃል። ሲስተር ሌሊሴም ትስቃለች።

አንድ ቀን አንድ የባጃጅ ሹፌር ሚስቱ ታማበት ልጁን ራሱ ይዞ መጣ። በሴቶች መካከል ብቻውን ወንድ ስለሆነ አፍሮ ፊቱን አጨማዶ ቆመ። ልጁ ከሚዛኑ በላይ ሆኖ ዞረና አባቱን አየ። የአባቱን ፊት ባየ ጊዜ ጤና ጣቢያውን በጩኸት አናጋው።

«አባቱ፣ ያንን ኮስታራ ፊት ለትራፊክ ፖሊስ አስቀምጠው» አሉት አዴ ጋዲሴ። «ልጅህ ይህ ነገር ይገድለኛል ወይ ብሎ ሲጠይቅህ አዎ ይገድልሃል አልከው እኮ!»

ሰውየው ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ልጁ አባቱን አይቶ ዝም አለ። እንዲህ ናቸው። አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማሩት። ልጅ አልወለዱም።

ስለ ራሴም ትንሽ ልናገር፤ አለዚያ ነገሩ አይገባም። ያደግኩት ኪራሙ ነው። ወላጆቼ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። እኔ ነቀምት ልማር መጥቼ ጌታን እዚህ አገኘሁት፤ የዚህኑ አገር ሰው፣ አስተማሪ አገባሁ። ባሌ በዚያን ጊዜ የሚያስተምረው አርጆ ስለነበር ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይመጣ ነበር። ልጃችንን ሲፈንን ስወልድ እናቴ ልታርሰኝ ተዘጋጅታ ነበር። የገንፎ እህሌን ሳይቀር አስፈጭታ ነበር። ግጭት ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ። አንድ ቀን በሰው ስልክ ድምጿ መጣልኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ እግዜር ያውቃል» አለችኝና ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ሙሉ በሕይወት ትኑር አትኑር አላወቅሁም።

አላለቀስኩም። ልቅሶ ቢመጣልኝ ደግ ነበር። ልጄን አጠባለሁ፣ ገላዋን አጥባለሁ፣ አስተኛታለሁ። እጄ ሁሉን ይሠራል። ፊቴ ግን የለም። ሰው ሲስቅ መሳቅ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ሳቁ ግን አይመጣም። ስጸልይ ቃሉ ከአፌ ወጥቶ እዚያው መሬት ላይ ይወድቃል። የእናቴ ድምፅ በመጨረሻ ሲገኝ እንኳ፣ ደህና ነኝ ስትለኝ፣ ደስታው አልደረሰኝም። ይህን ለማንም አልነገርኩም። የእምነት ማነስ መስሎኝ አፈርኩ።

ሲፈን ደግሞ አታስቸግርም። አታለቅስም። ማንም ቢያነሣት ትሄዳለች፤ ማንም ቢያስቀምጣት ትቀመጣለች። ሰው ሁሉ ይገረም ነበር።

«ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ናት!» ትለኛለች ወርቄ። «የእኔዋን ታዪያታለሽ፤ ከአጠገቧ ፈቀቅ ስል ጣራውን ልታነሣው ትደርሳለች። እስቲ እንቀያየር!»

እኔም አመንኩ። እግዚአብሔር እናቴን ቢያስቀርብኝ በጨዋ ልጅ ካሰኝ ብዬ አሰብኩ።

ዘጠኝ ወር ሲሞላት ለኩፍኝ ክትባት ወሰድኳት። አዴ ጋዲሴ መዳፋቸውን አሞቁ፣ ከሚዛኑ በላይ ያዟት፣ ጠበቁ። ሲፈን ጨርቁን አየች። ከዚያ የጣሪያውን ማገር አየች። እሳቸውን አላየችም። እኔንም አላየችም። እንደ ዕቃ ተንጠልጥላ ዝም አለች። አዴ ጋዲሴ ቆዩ፤ በጣም ቆዩ። ከኋላዬ የነበረችው ሴት ማጉረምረም እንኳ ረሳች።

«አልጠየቀችም» አሉ።

«ጨዋ ናት» አልኳቸው።

ልጄን ትተው እኔን አዩኝ። ኪሎዋን ጽፈው ካርዱን ሰጡኝ። ኪሎዋ ደህና ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ለምስክርነት ተነሣሁ። በቤተ ክርስቲያናችን ጌታ ያደረገለት ሰው ወደ ፊት ወጥቶ ይናገራል፤ ሕዝቡ በእልልታ ያመሰግናል። እኔ ብዙ አልናገርም። ያን ቀን ግን ሲፈንን ታቅፌ ወጣሁ።

«እናቴ ልታርሰኝ አልቻለችም» አልኩ። «ጌታ ግን የማታለቅስ ልጅ ሰጠኝ። ከተወለደች ጀምሮ አንድ ቀን አላስቸገረችኝም።»

እልልታው ተነሣ። በመካከሉ ከኋላ፣ ከሴቶቹ ወገን፣ አንድ ሰው ሲቆም አየሁ።

«ይህ ምስጋና ትንሽ ይቆይ!» አሉ አዴ ጋዲሴ።

እልልታው መሃል ላይ ቀረ። በቤተ ክርስቲያናችን ምስክርነት አይቋረጥም። ሰውየው እንደሚያጋንን ሁሉም ቢያውቅ እንኳ አይቋረጥም። መድረኩ ላይ የነበሩት ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ።

«አዴ፣ ይቀመጡ።»

«እቀመጣለሁ። ልጅቱ ግን ጨዋ አይደለችም። ጠይቃ ጠይቃ መልስ ስታጣ ደክሟት ነው ዝም ያለችው። እናቲቱም ታማለች። ለታመመ ሰው ይጸለይለታል፣ ይታከማል እንጂ እልል አይባልለትም።»

ይህን መጀመሪያ በኦሮምኛ ተናገሩት። ከዚያ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ደገሙት። ሁለት ጊዜ አፈርኩ።

ወደ ቦታዬ እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። ሲፈን በእቅፌ ውስጥ ዝም ብላለች። በሩ ላይ አንዲት እህት ክንዴን ይዛ «አትስሚያት፤ ልጅ ያልወለደች ምን ታውቃለች?» አለችኝ። ያ ቃል ደስ አለኝ። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ደስ አለኝ።

ሽማግሌዎቹ አዴ ጋዲሴን ከሴቶች አገልግሎት ለጊዜው እንዲያርፉ ነገሯቸው። እሺ ብለው ተዉት። ሰኞ ቤቴ መጥተው አንኳኩ፤ አልከፈትኩም። ማክሰኞም መጡ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየኋቸው። በዝናቡ ውስጥ ጥቂት ቆመው ሄዱ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፌ የባሌን ሸሚዞች እተኩስ ነበር። ሲፈን መዳህ ጀምራለች። ካውያውን አቁሜ ሸሚዙን ሳገላብጥ ወደ ካውያው ስትድህ አየኋት። አላየሁም ብዬ አልዋሽም። አየኋት።

«ተይ» አልኩ።

ድምፄ አልጨመረም። ፊቴም አልተነቃነቀም። የወርቄ ልጅ ብትሆን ተይ ስትባል ዞራ እናቷን ታያለች፤ እናቷ ስትደነግጥ እሷም ደንግጣ እጇን ትሰበስባለች። ሲፈን አልዞረችም። ከፊቴ ምንም አግኝታ አታውቅም፤ ለምን ትዞራለች? መዳፏን ካውያው ላይ አደረገች።

አፏ ተከፈተ። ለጊዜው ድምፅ አልወጣም። ከዚያ አለቀሰች። እኔ ከአጠገቧ ነበርኩ፤ እጄን ብዘረጋ እነካታለሁ። እሷ ግን እያለቀሰች የምታየው ግድግዳውን ነበር።

እስከ ዛሬ ሳስታውስ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው። ቃጠሎውን ረስቼዋለሁ። ግድግዳውን ማየቷን ግን መርሳት አልቻልኩም።

አቅፌአት ጫማ ሳላደርግ ሮጥኩ። ሲስተር ሌሊሴ መዳፏን በውሃ አቀዝቅዛ፣ ቅባት ቀብታ በፋሻ ጠቀለለችላት። «እግዜር አትርፏታል፤ ላይ ላዩን ነው» አለችኝ። አዴ ጋዲሴ ኮሪደሩን ይወለውሉ ነበር። መወልወያውን አስደግፈው መጡ። ፊታቸው ላይ «አላልኩሽም?» የሚል ነገር ፈለግሁ። አልነበረም።

«ስታለቅስ ወዴት አየች?» አሉኝ።

«ወደ ግድግዳው።»

አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። ፊቴ እንደሌለ፣ ጸሎቴ መሬት ላይ እንደሚወድቅ፣ ልጄን ሳያት የሌላ ሰው ልጅ እንደማይ እንደሚሆንብኝ ነገርኳቸው።

«ኃጢአቴ ምን እንደሆነ አላውቅም» አልኩ። «ንስሐ ልገባበት ፈለግሁት፤ አጣሁት።»

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ወባ ሲይዝሽ ንስሐ ትገቢያለሽ?»

«አይ። እታከማለሁ። እጸልያለሁም።»

«ይህም እንደዚያው ነው። ክኒኑን በጸሎት ዋጪው።»

ሲስተር ሌሊሴ ወደ ሆስፒታል ጻፈችልኝ። አዴ ጋዲሴ ፈቃድ ጠይቀው አብረውኝ ሄዱ። ሐኪሙ ከወሊድ በኋላ በብዙ ሴቶች ላይ የሚመጣ ሕመም መሆኑን ነገረኝ። መድኃኒት አዘዘልኝ፤ በየጊዜው እንድመለስ ቀጠረኝ። ሕፃን ቃል ከማወቁ በፊት የሚያስፈራውንና የማያስፈራውን የሚለየው ከእናቱ ፊት ነው አለኝ። ያ ፊት ለወራት ዝም ሲል ልጁ ማየቱን ሊተው ይችላል። ልጅሽ ግን ገና ሕፃን ናት፤ ልትመለስ ትችላለች አለ።

አዴ ጋዲሴ ከጥግ ሆነው ያዳምጡ ነበር። «እኔም እኮ ያልኩት ይህንኑ ነው» አሉት። «እኔን ተቀመጪ አሉኝ፤ አንተን ግን ዶክተር ይሉሃል።»

ሐኪሙ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ግን መሳቅ አማረኝ። ለእኔ ያ ራሱ አዲስ ነገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲወጡ በየቀኑ ማለት ይቻላል ቤቴ ይመጡ ነበር። ምክር አያበዙም። ምንጣፉ ላይ ሲፈንን መሃል ያስቀምጧታል፤ እኔ ከወዲያ፣ እሳቸው ከወዲህ እንቀመጣለን። ትልቅ ጥቁር ዣንጥላ ነበራቸው፤ የነቀምት ዝናብ ያለ እሱ አይቻልም። እሱን ድንገት ቧ አድርገው ይከፍቱታል። ሲፈን ትደነግጣለች።

«አሁን ፊትሽን ስጫት» ይሉኛል።

መጀመሪያ ቀን ጥርሴን አሳየኋት። አዴ ጋዲሴ ትክ ብለው አዩኝ።

«ይህ ምንድን ነው? ለቀበሌ መታወቂያ ፎቶ ልትነሺ ነው?»

«ፈገግ በይ ያሉኝ መስሎኝ ነው።»

«አላልኩም። ፊትሽን ስጫት ነው ያልኩት። ደክሞሽ እንደሆነ የደከመ ፊት ስጫት። ፈርተሽ እንደሆነ የፈራ ስጫት። የውሸቱን ታውቅብሻለች። ባዶ ብቻ አትስጫት፤ ከባዶ ምን ታነባለች?»

ለእኔ ከባድ ሥራ ነበር። ቅንድቤን ማንሣት እንጨት ከመፍለጥ ይከብደኝ ነበር። መድኃኒቱም የሠራው ቀስ እያለ ነው። አንዳንድ ቀን «ዛሬስ አልቻልኩም» እላቸዋለሁ። «አልቻልኩም ስትይ የነበረሽ ፊት ደህና ፊት ነው፤ እሱኑ አሳያት» ይሉኛል። ሊሄዱ ሲሉ በኦሮምኛ ይጸልያሉ። ጸሎታቸው አጭር ናት፤ አንተ ፊትህን ለእሷ አብራ፣ እሷ ደግሞ ለልጇ ታብራ የምትል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዣንጥላው ሲከፈት ሲፈን ዞረች። የሰው ፊት ፈለገች። የዞረችው ግን ወደ አዴ ጋዲሴ ነበር። ፊታቸውን አየች። እሳቸው ሳያስቡት ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ልጄ በድምፅ ስትስቅ ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

ደስ አለኝ። አመመኝም። በማግስቱም ወደ እሳቸው ዞረች። በሦስተኛው ቀን በሩ ሲንኳኳ እጇን ዘረጋች። አዴ ጋዲሴ አቀፏትና ጉንጯን ጉንጫቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ቶሎ ሰጡኝና ዛሬ ቸኩያለሁ ብለው ሳይቀመጡ ሄዱ።

በአራተኛው ቀን አልመጡም። በአምስተኛውም አልመጡም። የታመሙ መስሎኝ ልጄን አዝዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸው። ሲፈን ባየቻቸው ጊዜ ከጀርባዬ ተንጠራርታ እጇን ዘረጋች።

አዴ ጋዲሴ ባልዲያቸውን አነሡ። ልጄን አላዩዋትም።

«ሥራ በዝቶብኛል። መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ» አሉኝ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ሄዱ።

ደንግጬ ቆሜ ቀረሁ። ሲፈን እጇን እንደዘረጋች ነበር።

ሌላ ቀን ገበያ ውስጥ ተገናኘን። «አካም ጅርታ» ብለው ደህንነቴን ጠየቁኝ፤ ልጄን ግን እንደሌለች አለፏት። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ጉንጭ የሚስሙ ሴት! ምን በደልናቸው? ባሌ ቅዳሜ ሲመጣ ነገርኩት።

«ሰው ይደክመዋል» አለኝ። «ያደረጉልን ይበቃል፤ አትውቀሻቸው።»

እኔ ግን ወቀስኳቸው። በጸሎቴ ውስጥ ሳይቀር ወቀስኳቸው።

የራሴን ዣንጥላ ገዛሁና ምንጣፉ ላይ ከልጄ ጋር ብቻዬን ተቀመጥኩ። ከመናደዴ የተነሣ ፊቴ ላይ ንዴት ነበር፤ ባዶ ግን አልነበረም። ዣንጥላውን ስከፍት ሲፈን በሩን አየች። ማንም አልገባም። በማግስቱም በሩን አየች። ከጥቂት ቀን በኋላ ጉልበቴን አየች። ከዚያ እጄን። ከዚያ አገጬን። ዓይኗ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ወደ ላይ ይወጣ ነበር። እኔም ወደ ታች እጠብቃት ነበር።

አሥራ አምስት ወር ሲሞላት ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ወሰድኳት። ሚዛኑ ዘንድ አዴ ጋዲሴ አልነበሩም፤ ሌላ ሴት ቆማለች። መምጣታችንን አውቀው ሸሹን ብዬ አሰብኩ። ሴትየዋ ሲፈንን ብድግ አድርጋ ጨርቁ ውስጥ ልትከታት ስትል ልጄ እግሯን ሰበሰበች። ጨርቁን አየች። ከዚያ አንገቷን አዙራ እኔን አየች። ቀጥ ብላ ዓይኔን አየች። ጠበቀች።

ጠየቀችኝ።

ፊቴ ምን እንደመለሰላት አላውቅም። እግሯን አላላች። ጌታ ይባረክ፣ እግሯን አላላች።

የምነግረው ሰው አልነበረኝም። እያለቀስኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ይህን ማየት የሚገባቸው አንዲት ሴት ነበሩ፤ እሳቸውም ትተውናል። ቅያሜዬ ከደስታዬ ጋር አብሮ አደገ። ከዚያ በኋላ ክትባት ስላልነበረ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደኝ ጉዳይ አልነበረኝም። እሑድ እሑድ ከሩቅ አንገታችንን ዝቅ አድርገን እንተላለፋለን። እኔ ተሻለኝ። ሐኪሙም መድኃኒቱን በጊዜው አስቆመኝ። ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ለቅሶው ላይ ሲፈንን ይዤ ሄድኩ። ድንኳኑ ሞልቷል። ሲስተር ሌሊሴ ዓይኗ አብጦ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።

«ይህቺ ናት?» አለች ሲፈንን እያየች።

«አዎ።»

«እንዴት አደገች! ምነው ዛሬ ባዩዋት!» የሲፈንን ራስ ዳበሰች። «ያን ቀን ከእጄ ሊያመልጡ ምንም አልቀራቸውም።»

«የትኛውን ቀን?»

«የአሥራ አምስት ወሯ ቀን። ካርድ ክፍሉ ውስጥ የደበቅኳቸው እኔ እኮ ነኝ። አልነገሩሽም?»

ምን እንደምትል አልገባኝም።

«በሩን ገርበብ አድርገው ቆመው ነበር» አለች። «ሚዛኑን ለሌላ ሰው ስጪልኝ አሉኝ። አዴ ጋዲሴ ሚዛኑን ለሰው ሲሰጡ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። እኔ ካለሁ የምትጠይቀው እኔን ነው፣ እናቷን መጠየቅ አለባት አሉ። ልጅቷ ወዳንቺ ስትዞር በበሩ በኩል አይተዋል። ‹ጠየቀቻት› አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ‹ሌሊሴ፣ እንዳልወጣ ያዢኝ› አሉኝ።»

«ለምን?»

«ወጥተው ሊያቅፏት ነዋ! ከግቢው እስክትወጡ ክንዳቸውን ይዤ ቆምኩ። ጉልበታቸውን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ የባልዲ ጉልበት ነው።»

ሲፈንን ወደ ራሴ ሳብኳት።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

«ብነግራት ለምስጋና ልጅቷን ይዛልኝ ትመጣለች፣ ልጅቷም ትለምደኛለች አሉ። የራሷን እናት ፊት በደንብ ትጥገብ፣ ሌላው ይደርሳል ይሉ ነበር። ትምህርት ቤት ስትገባ ቤታቸው እሄዳለሁ ብለው ቀጠሮ ይዘው ነበር። ደብተር ሳይቀር ገዝተውላታል። እኔን ግን በየክትባቱ ቀን ‹አይተሻታል ወይ? የት ደረሰች?› ሳይሉኝ አይውሉም።»

ወርቄ በአጥሩ በኩል ስትነግረኝ የደነገጥኩ መስሎኝ ነበር። ድንጋጤ ምን እንደሆነ ያወቅሁት አሁን ነው። ጀርባቸውን የሰጡኝ ቀን ምን ያህል እንደከበዳቸው አላየሁም ነበር። የሰውን ፊት ማንበብ ያስተማሩኝን ሴት ፊት ማንበብ አልቻልኩም። በጸሎቴ የከሰስኳቸው ሴት የዚያው የጸሎቴ መልስ ነበሩ። አምላኬ ይቅር ይበለኝ። ስላዘጋጀልኝም ስሙ ይመስገን።

ከድንኳኑ ፊት ለፊት፣ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ፎቶአቸው ተቀምጧል። ሰው እየተነሣ ይሰናበታል። ሲፈንን በእጇ ይዤ ቀረብኩ። ፎቶውን አየች። አላወቀቻቸውም። የማታውቀውን ሰው እንደምታይ አየቻቸው። አዴ ጋዲሴም የፈለጉት ይህንኑ ነበር፤ ዋጋውንም ያውቁት ነበር።

ከዚያ ቀና ብላ ፊቴን አየች።

እንባዬን አልጠረግሁም። ጎንበስ አልኩና እንድታየው ተውኳት። ቆየች። በአፏ ምንም አላለችም፤ እኔም ምንም አልነገርኳት። እጄን ለቀቀች። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ በእግሯ ጣቶች ቆመችና የአዴ ጋዲሴን ጉንጭ ሳመች።